ወለተ ኪዳን የተጻፈበት ሻንጣ

እስቲ በሞቴ፣ አውሮፕላን ስትሳፈሩ ሻንጣችሁ እጀታ ላይ የሚጠመጠመውን ነጭ ወረቀት ልብ ብላችሁ አይታችሁት ታውቃላችሁ? አታውቁም። ይታሰራል፣ ይሄዳል፣ ሲደርስ ተቦጭቆ ቅርጫት ውስጥ ይወረወራል፤ ማንም አያዝንለትም። እኔ ግን እንጀራዬ ሆኖ ስለ እሱ ሳስብ ነው የምውለው። አዲስ አበባ ውስጥ አንዲት ጠባብ ወርክሾፕ ተቀጥሬ እሠራለሁ፤ ሥራችን ያን ወረቀት ከምድረ ገጽ ማጥፋት ነው። በምትኩ የማይጣል፣ ከሻንጣው ጋር የሚያረጅ፣ በየጉዞው ከስልክ አዲስ ጽሑፍ የሚላክለት የኤሌክትሮኒክ መለያ እንሠራለን። ሰው ሲጠይቀኝ "ኢንጂነር ነኝ" እላለሁ። አክስቴ እትዬ ዘነበች ግን ላሊበላ ላለው ጎረቤት ሁሉ "የወንድሜ ልጅ የሻንጣ ማሰሪያ ይሠራል" ብለው ነው የሚያስረዱት።

መለያው መዳፍ አያክልም። ፊቱ ላይ ወረቀት የመሰለ ስክሪን አለው። እንደ ስልክ አያበራም፤ ኃይል የሚፈልገው ጽሑፉ ሲቀየር ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ባትሪውን ብታወጡበት እንኳ የተጻፈበትን ይዞ ይቀመጣል። ይህን መጀመሪያ ያየሁ ዕለት አፌን ከፍቼ ቀረሁ። የሥራ ባልደረቦቼ ሳቁብኝ። ይሳቁ! እኔ የላሊበላ ልጅ ነኝ፤ መብራት ሄደ መጣ ሲባል ያደግሁ። መብራት ሲሄድ አብሮ የማይሄድ ነገር ሳይ የምደነቀው ከልቤ ነው።

እንዲያውም ከመደነቄ ብዛት አንድ ሰሞን ለይቶልኝ ነበር። የመለያው ሽፋን ከሁለት ክፋይ የተገጠመ ስለነበር በመጋጠሚያው ውኃ ይገባል። ምን እናድርግ ተብሎ ሲመከር እኔ ብድግ አልኩና "የአገሬ ሰዎች ቤተ ክርስቲያን ሲሠሩ መጋጠሚያ የሚባል ነገር አላወቁም፤ ከአንድ ድንጋይ ፈልፍለው አወጡት። እኛስ ከአንድ ፕላስቲክ መፈልፈል ያቅተናል?" አልኩ። ተጨበጨበልኝ። ፈለፈልነው። ሲያምር! ሁላችንም እያገላበጥን አደነቅነው። ከዚያ ስክሪኑ በየት በኩል ይግባ? በር መሥራት ረስተናል። ንጉሡ በር መሥራት አልረሱም ነበር።

ስለዚህ ወደ ሁለት ክፋይ ተመለስን፤ እኔም ሌላ መኩሪያ ፈለግሁ። አገኘሁ። እንዲህ ያሉ መለያዎች በሌላ አገርም አሉ፤ የእኛን ፊደል ሲያዩ ግን ባዶ ሳጥን ይደረድራሉ። የእኛው ላይ አማርኛ በትልቁ፣ ቁልጭ ብሎ እንዲወጣ ያደረግሁት እኔ ነኝ። "ስም" የሚል ቦታ አበጀሁና ባለቤቱ የፈለገውን ስም እንዲያስገባ ፈቀድኩ። ጉዞው ሲያልቅ ደግሞ የሰው ስም ተለጥፎ እንዳይቀር "ጽሑፉ ይሰረዝ?" ብሎ እንዲጠይቅ አደረግሁ። ሰው "አይ" ካለ "እርግጠኛ ነዎት?" ብሎ ይደግማል። ይህንንም ያሰብኩት እኔው ነኝ። ምን ያላሰብኩት ነገር አለ!

የመጀመሪያው የእውነት ሙከራ ለገና ወደ ላሊበላ በሚሄደው በረራ ላይ እንዲሆን ተወሰነ። ሻንጣው የእትዬ ዘነበች ነበር። እትዬ አዲስ አበባ የመጡት የልጃቸውን የሐናን ቀሚስ ለማሰፋት ነው። ሐና ላሊበላ ሆቴል ውስጥ እንግዳ ተቀባይ ናት፤ ከጥምቀት በኋላ ትዳራለች። የመልሷን ቀሚስ ጥጥ እናቷ ራሳቸው ናቸው የፈተሉት፤ እሷ ትምህርት ቤት ስትገባ ጀምረው፣ ባላቸው ሲሞት አቋርጠው፣ እንደገና ጀምረው፣ እንዲሁ ሲፈትሉ ኖሩ። ቀሚሱ ተሰፍቶ ሲመጣ አይቼዋለሁ። ስለ ጥልፍ አንድም ነገር አላውቅም፤ ግን ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነው ያወራሁት።

እትዬ ቀሚሱን በእጃቸው አቅፈው ሊሳፈሩ ነበር ሐሳባቸው። እኔ ነኝ ያስጨነቅኋቸው። "እትዬ፣ ሻንጣ ውስጥ ይግባ! ይህ መለያ እያለ ምን ያሰጋል? የትም ቢሄድ ይነግረናል" አልኳቸው። አመኑኝ። ከዚያ ስልኬን አውጥቼ "ማን ብዬ ልጻፍ?" ስላቸው ግራ ቀኝ አዩና ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

"ወለተ ኪዳን በልልኝ።"

"የክርስትና ስምዎን? እትዬ፣ መታወቂያዎ ላይ ያለውን እኮ ነው የምለው።"

"አንተ ልጅ፣ ዘነበች የቀበሌ ስም ነው። ምድር ላይ ይበቃኛል። ሰማይ ላይ ስወጣ ግን የምታወቀው በክርስትናዬ ነው። ላሊበላን! አንድ ነገር ቢመጣ ቄሱ ማን ብለው ሊያነሡኝ ነው? ዘነበች ብለው?"

የክርስትና ስም እንግዲህ ታውቁታላችሁ፤ ቄስና እግዚአብሔር የሚጠሩት፣ ጎረቤት የማያውቀው ስም ነው። እኔ ደግሞ "የፈለገውን ስም" ብዬ የፈቀድኩ ሰው ነኝ። ጻፍኩት። "ወለተ ኪዳን" የሚለው ስክሪኑ ላይ ቁልጭ ብሎ ሲወጣ እትዬ አማተቡ። አየር መንገዱም ለጥንቃቄ ብሎ ያንኑ የወረቀት መለያ ከጎኑ አሰረበት። በንቀት አየሁት።

አውሮፕላኑ ነጠላ በለበሰ ሰው ተሞልቶ ነበር። የላስታ ተራሮች ከመስኮቱ ብቅ ሲሉ ግማሹ ሰው ተነሥቶ ማማተብ ጀመረና አስተናጋጇ "እባካችሁ ተቀመጡ፣ ልናርፍ ነው" እያለች ለመነች። ተወልጄ ያደግሁበት አገር ነው፤ ከላይ ሳየው ግን ሰው ይኖርበታል ብዬ አላምንም። ያ ሁሉ ገደል፣ ከገደሉ ጫፍ ላይ ደግሞ የታረሰ መሬት። ማን ወጥቶ አረሰው? እኔ እንኳ ዘመዶቼ እንደሆኑ እያወቅሁ እጠይቃለሁ።

ካረፍን በኋላ ሰው ሁሉ ወደ ሻንጣ መቀበያው ሲሮጥ እትዬን ክንዳቸውን ይዤ ወንበር ላይ አስቀመጥኳቸው። "መጋፋት ቀርቷል፤ መለያው ራሱ ይነግረናል" አልኩ። እውነትም ስልኬ ጪው አለ። "ሻንጣዎ ደርሷል" ይላል። ከደስታ ብዛት ልዘል ምንም አልቀረኝም። እትዬ መልእክቱን ሲያነቡ በቪዲዮ ቀረጽኳቸው። ዓይናቸውን ስለጨፈኑ በድጋሚ ቀረጽኳቸው። ከዚያ መልእክቱ ከየት ተነሥቶ፣ በምን በኩል አልፎ እንደመጣ ማስረዳት ጀመርኩ፤ እሳቸውም "እሰይ፣ እሰይ" እያሉ ሰሙኝ።

ስልኬ እንደገና ጪው አለ። "ሻንጣዎ ከአጠገብዎ እየራቀ ነው።"

ይህን መልእክት የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሲደርሰኝ መጀመሪያ ምን እንዳልኩ ልንገራችሁ? "አዩ እትዬ፣ ይሄም ይሠራል!" አልኩ።

ደንግጬ ስሮጥ መቀበያው ላይ የቀረ አንድ ጥቁር ሻንጣ ብቻ ነው፤ የእኛ አይደለም። አጠገቡ የቆመውን ሠራተኛ ጠየቅሁት።

"ስም የሚያወጣ ነገር ያለበትን? እሱን እኮ የሻንጣው ባለቤት ወሰዱት" አለኝ።

"የሻንጣው ባለቤት እዚህ ናቸው!"

"እኔ ምን ላድርግ? አንዲት ትልቅ እናት ሻንጣው ዞሮ ፊታቸው ሲደርስ ተንበረከኩ። ስሜ ነው ብለው አለቀሱ። ዝም ብዬም አልሰጠሁ፤ ስምዎ ማነው ብዬ ጠየቅኋቸው። በጆሮዬ ነገሩኝ። አየሁት፤ ልክ ወለተ ኪዳን ነው የሚለው።" ትንሽ አፈረና "ሲስሙት እኔም እንባዬ መጣ" ብሎ ጨመረ።

የቀረው ሻንጣ የሴትዮዋ ነበር። በዚያ በናቅሁት ወረቀት ላይ ስማቸው ተጽፏል፤ ወይዘሮ አስካለ። ወደ እትዬ ዞርኩ። ይቆጡኛል፣ ይሰድቡኛል ብዬ ስጠብቅ እሳቸው ግን ባዶ እጃቸውን እያዩ "የሐና ቀሚስ" ብቻ አሉ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ከአውሮፕላን ማረፊያው ወደ ከተማው የወሰደን ሰይድ የሚባል የሰፈራችን ሹፌር ነው። ነገሩን ሲሰማ መሪውን በመዳፉ መታ መታ አደረገና "አብሽሩ እትዬ! ኢንሻአላህ ይገኛል። ዛሬ ላሊበላ የገባ ሰው እስከ ነገ የትም አይወጣም" አላቸው።

"የገባውን ሰው ብዛት አይተኸዋል ሰይድ?" አልኩት።

"እሱን እንኳ አላህ ነው የሚያውቀው" አለ።

የገና ዋዜማ ከሰዓት በኋላ ነበር። ከተማው ዳር ስንደርስ ሰይድ መኪናውን አቁሞ አብሮን ወረደ፤ ከዚያ ወዲያ መንገድ የለም፤ ሰው ነው። ዳገቱ ሰው፣ ቁልቁለቱ ሰው፣ ዋሻው ሰው፣ ሁሉም ነጭ የለበሰ። በእግሩ ስንት አገር አቋርጦ የመጣው እግሩን ያጥባል፣ ያልደረሰው ከሩቅ ያማትባል። በየዓመቱ አየዋለሁ። በዚያ ዓመት ግን ከዚህ ሁሉ ነጭ መካከል አንዲት ነጭ የለበሱ እናት መፈለግ ነበረብኝ።

ስልኬን ወደ ፊት ዘርግቼ መለያው ሲቀርበኝ እንዲጮህ እየጠበቅሁ መዞር ጀመርኩ። እትዬ ከኋላዬ፣ ሰይድ ከእትዬ ኋላ። ሰው ፊልም የማነሣ መስሎት ገለል ይልልኛል። አንዱ መነኩሴ ቆጣ ብለው "ልጄ፣ በዓይንህ ብታየው አይበቃህም?" አሉኝ። ይቅርታ ጠይቄ አለፍኩ። ከቤተ ማርያም በላይ፣ እንግዶች ድንኳን ከተከሉበት ስንደርስ ስልኬ ጪው አለ። "ሻንጣዎ በአቅራቢያዎ ነው!" እትዬ እልል ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ፤ ስልኬ ጠፋ። ባትሪው አለቀ። ያን ሁሉ ቪዲዮ ቀርጬበታለሁ። መለያው ያለ መብራት ይኖራል፤ ስልኬ አይኖርም።

ይህን ጊዜ ከቤተ ማርያም ቅጥር በኩል በድምፅ ማጉያ መታወቂያ የጠፋባቸው ሰዎችና ከእናቶቻቸው የተለያዩ ልጆች ሲጠሩ ሰማን። ወርደን ማይክ የያዙትን አባት ጉልበት ስመን ጉዳዩን ነገርናቸው። ሰው የሚያደርሰው ጥያቄ ብዛት ድምፃቸውን ዘግቶታል። ወይዘሮ አስካለ እያሉ ጠሩ። የመለሰ የለም። ደግመው ጠሩ።

እትዬ ነጠላቸውን አደግድገው ቀረብ አሉ። "አባቴ፣ እዚህ መጥታ በቀበሌ ስሟ አትሰማም። በሻንጣው ስም ይጥሩልኝ። ወለተ ኪዳን ይበሉልኝ።"

አባ ፈገግ አሉ። "ልጄ፣ ይህን ስም ስጠራ የሚነሣውን አስበሽዋል?"

"ይነሣ አባቴ። አንዷ እሷ ናት።"

አባ ጉሮሯቸውን ጠረጉና "ወለተ ኪዳን!" ብለው ተጣሩ።

የሆነውን እንዴት እንደምነግራችሁ አላውቅም። ከግቢው፣ ከቋጥኙ ጫፍ፣ ከዋሻው አፍ፣ ከዳገቱ ወገብ፣ ከየድንኳኑ፣ ወጣት፣ አሮጊት፣ ነፍሰ ጡር፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ "አቤት!" አሉ። ድንጋዩ መልሶ "አቤት" አለ። እኔ ፀጉሬ ቆመ። ሰይድ ቆቡን አውልቆ ያዘ፤ ለምን እንዳወለቀ ኋላም አልነገረኝም። ያ ሁሉ ሰው አንድ ስም ሲኖረው፣ ያም ስም ተደብቆ ኖሮ በአንድ አፍታ ተጠርቶ ሲቆም ማየት፣ እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም።

ከዚያ መጡ። አቤት ብሎ የሚቀር የለማ! "ሻንጣ ጠፍቶብዎታል?" ስላቸው አንዷ "ኧረ እኔ ሻንጣም የለኝ፤ ስሜ ሲጠራ ዝም ልበል?" አሉኝ። ከብልባላ አብረው የመጡ ሁለት ጎረቤታሞች ተያዩና "አንቺም?" "አንቺም?" ተባባሉ። አጥር ለአጥር ሲኖሩ አያውቁም ነበር። አንዷ "ያን ሁሉ ስንጣላ ሞክሼዬ ኖረሻል!" ብለው ሲስሟቸው፣ አባ ማይኩን ይዘው ሣቃቸውን ለመዋጥ ወደ ግድግዳው ዞሩ።

ሰዉ ከኋላ በኩል ገለል ገለል ማለት ሲጀምር አየን። አንዲት ቀጭን፣ ረዘም ያሉ አሮጊት ቀስ እያሉ መጡ። ሻንጣውን እንደ ልጅ አዝለውታል። በነጠላ አጥብቀው አስረው፣ በሁለት እጃቸው ከሥሩ ደግፈው። መለያው በትከሻቸው ላይ ተንጠልጥሏል፤ "ወለተ ኪዳን" ይላል።

"አቤት፣ መጣሁ። ማነው የጠራኝ?" አሉ።

እኔ ፈጠን ብዬ "እናቴ፣ ይህ የሆነው ምን መሰልዎት፣ ከስልክ የሚላክ ሞገድ…" ስል እትዬ እግሬን ረገጡኝ።

"ከፍተውታል እናቴ?" አሉ እትዬ።

"እንዴት አርጌ? የተላከልኝን ሳላስባርክ? ቄስ ፊት ልከፍተው ተራ ይዤ ነበር እኮ።" ወይዘሮ አስካለ ሻንጣውን ከጀርባቸው አወረዱ፤ እጃቸው ግን መለያውን አልለቀቀም። "የነፍስ አባቴ ሞቱብኝ። ባሌም የለ፣ እናቴም የለች። ይህን ስም የሚያውቅ አንድ ሰው በምድር ላይ አልቀረልኝም። የሞትኩ ዕለት ማን ብለው ይፈቱኛል? ይህን ልጠይቅ ነው የመጣሁት። ገና እግሬ አገሩን ሲረግጥ ስሜ ተጽፎ እየዞረ ሲመጣ አየሁት።"

እኔ ስልኬ መሞቱን አመሰገንኩ። ባይሞት ኖሮ አውጥቼ ስሙን እየቀያየርኩ አሳያቸው ነበር፤ ራሴን አውቀዋለሁ።

እትዬ ዘነበች ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። ከዚያ እንዲህ አሉ፤ "እናቴ፣ ስሙ የሁለታችንም ነው። ቀሚሱ ግን የልጄ ነው።"

ሻንጣው እዚያው ተከፈተ። ቀሚሱ ከእጥፉ ሲወጣ እልልታው ቤተ ማርያምን ሞላው። ወለተ ኪዳን የተባለች ሁሉ ጥለቱን በጣቷ ጫፍ እየነካች "ይባረክ፣ ትዳሩን ያስምርላት" አለች። ሰይድ አጠገቤ ቆሞ "ማሻአላህ! ይህን ሁሉ ምርቃት የያዘ ቀሚስ ያች ልጅ እንዴት ብላ ትችለዋለች?" አለኝ። ወይዘሮ አስካለም መረቁ። የቀረ ሻንጣቸውን ሰይድ ከአውሮፕላን ማረፊያው እንዲያመጣላቸው ተነጋገርን። ሁሉም መልካም ሆነ፤ ብቻ መለያው አሁንም እጃቸው ውስጥ ነው።

"ይቺንስ?" አሉ ቀስ ብለው።

እትዬ ወደ እኔ አዩ። እኔ ወደ መሬት አየሁ። የሚሠራው ያ አንዱ ብቻ ነው፤ ከበዓሉ በኋላ ለአየር መንገዱ ሰዎች የማሳየው እሱን ነው፤ ወርክሾፑ በሙሉ እሱን ሠርቶ ነው ደመወዝ የሚጠብቀው። ይህን ለማስረዳት "እትዬ፣ አንድ ብቻ እኮ ነው…" ስል "ፍታው" አሉኝ። ፈታሁት።

ወይዘሮ አስካለ መለያውን በሁለት እጃቸው ተቀብለው አገላበጡት። "ሲቆይ ይጠፋል?"

"አይጠፋም እናቴ። እኔ ካልነካሁት አይጠፋም።"

"አትንካዋ።"

"አልነካውም።"

እትዬም "ከእንግዲህ እኔ ለጸሎት ስሜን ሳስነሣ እርስዎን አብሬ አስነሣለሁ። ስሙ አንድ ነው፤ ለቄሱም አይከብዳቸው" አሏቸው። ሁለቱ ወለተ ኪዳኖች ተቃቅፈው ቆዩ። እኔ አፍጥጬ አያቸው ነበር፤ እንደዚያ ስክሪን መጀመሪያ እንዳየሁት ቀን።

ወደ ቤት ስንሄድ ሰይድ ስልኬን መኪናው ውስጥ ቻርጅ ሰካልኝ። ከሕዝቡ ለመውጣት በዳር መንገድ ዞረን፣ ወይዘሮ አስካለ ባረፉበት በእንግዶቹ ድንኳን ሥር ቀስ እያልን እናልፋለን፤ እትዬ ቀሚሱን አቅፈውታል፤ እኔ ለአለቃዬ ምን እንደምለው አስባለሁ። ስልኩ በራ። መለያው ቅርብ ስለነበር ወዲያው ጪው አለ።

"ጉዞዎ ተጠናቋል። ጽሑፉ ይሰረዝ?"

አይ የሚለውን ነካሁ። ራሴ ያበጀሁት ነገር ነውና መች ይተወኛል! ሁለተኛው ጥያቄ ወጣ።

"ምን ይልሃል?" አሉ እትዬ፣ ወደ ስልኩ አንገታቸውን አስግገው።

"እርግጠኛ ነህ ወይ ይለኛል።"

ሰይድ መኪናውን አቆመ። እትዬ ቀሚሱን ጠበቅ አደረጉት።

"ነኝ" አልኩት።